ከአወድ ሱቅ ሁለተኛው ከረሜላ

ይሄን ታሪክ ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም! ባለፈው ሳምንት እዚሁ አዳማ ከጎረቤታችን ከእማማ ዘርፉ ጋር ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ የሚመልሰው ሳንቲም አጣና፣ ባለሱቆች እንደለመዱት ሁለት ከረሜላ መዘዘላቸው። እማማ ከረሜላውን መልሰው ባንኮኒው ላይ አኖሩት። "ተወው ልጄ፣ እኔ የዕድሜዬን ወስጃለሁ" ብለው ወጡ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አላውቅበትም፣ ቤት እስክንደርስ ጨቀጨቅኳቸው። ምነው ባልጠየቅኩ!

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው፣ ስልሳ ስምንት ላይ። ባላቸው ገመዳ ሞተባቸው። የአራት ዓመት ልጃቸውን ጉዲቱን ለእህታቸው ለመሰለች ትተው፣ ከናዝሬት በባቡር ጅቡቲ ገቡና ሰው ቤት ተቀጠሩ። አሠሪዎቹ እንግዳ በር ላይ ሲቆም አይወዱም። ስለዚህ ከአገር የሚመጣው ደብዳቤም መልእክትም የሚቀመጥላቸው ጥግ ላይ ያለችው የአወድ ሱቅ ነበር። አወድ የመናዊ ነው፣ ድሬዳዋ ያደገ፣ አማርኛ ይችላል። ሱቋ እኮ ቁም ሳጥን ብታክል ነው! ግን ዳቦ አለ፣ ጋዝ አለ፣ መርፌ አለ፣ ወሬ አለ።

የመጀመሪያ ቀን ዳቦ ገዙና እጃቸውን እንደዘረጉ ቆሙ።

"ምን ቀረ?" አለ አወድ።

"ምራቂዬ ነዋ! እኛ አገር ባለሱቅ በገዛሽው ላይ ትንሽ ይጨምራል።"

"እዚህ ናዝሬት ነው እንዴ?"

"ስስታም! ለኔ መስሎሃል? ለልጄ ነው።"

ሳቀና አንድ ከረሜላ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ። እማማ አንዷንም አልቀመሷትም። "አገሬ ስገባ ጉዲቱ እጅ ላይ ነው የምዘረግፈው" እያሉ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ያጠራቅማሉ።

ከዚያ ጦርነት መጣ፣ ባቡሩ ተቋረጠ፣ ወሬ የሚባል ጠፋ። ሰባ ማለቂያው ላይ መስመሩ ሲከፈት፣ ጫላ የሚባል የናዝሬት ሰው፣ ባቡር ላይ የሚሠራ፣ አወድ ሱቅ ቁጭ ብሎ አገኙት። ሰላም እንኳ ሳይሉት "ጉዲቱስ?" አሉት።

"ደህና ናት። አድጋለች።"

በማግስቱ አወድ ሁለት ከረሜላ አስቀመጠላቸው።

"ምነው፣ ልትከስር አሰብክ?"

"አንዱን አንቺ ብይ።"

"እኔ ልጅ ነኝ? ሁለቱም የጉዲቱ ነው።"

አወድ ዞረና የተጠረገ መደርደሪያ መጥረግ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ባያቸው ቁጥር "ዘርፉ፣ አገርሽ ግቢ። ዘመዶችሽ ጋ ሂጂ" ይላቸዋል። አንድ ቀን እማማ ደማቸው ፈላና በሰው ፊት "ምን በደልኩህ ታባርረኛለህ? አንተም የሰው አገር ነው ያለኸው፣ አገርህ ግባ!" ብለው ጮኹበት። ሌላ ሱቅ ያዙ። ሦስት ወር ሙሉ በደጁ አላለፉም።

ሰባ ሁለት ላይ "ልጄ ስምንት ሞላት፣ ይበቃል" አሉና ቀይ የትምህርት ቤት ቦርሳ ገዝተው ተነሱ። ስንብት ነውና አወድ ጋ ጎራ አሉ። ከባንኮኒው ስር በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የሦስቱ ወር ከረሜላ፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት!

ናዝሬት ሲደርሱ ጉዲቱ የለችም። መሰለች "ሁሩታ የአባቷ እህት ጋ ናት፣ ነገ ትመጣለች" አለቻቸው። ከረሜላው በጅቡቲ ሙቀት ተጣብቆ አንድ ድንጋይ ሆኗል። እማማ ቢላ ይዘው አንድ በአንድ እየፈለቀቁ "ቅር እንዳይላት" ይላሉ። ቤት ውስጥ ቀና ብሎ የሚያያቸው ጠፋ።

ሊነጋጋ ሲል ሲነቁ ቤቱ ነጠላ በለበሰ ሰው ሞልቷል። ያኔ ገባቸው። ጉዲቱ ሰባ ላይ፣ በጦርነቱ መሃል፣ በኩፍኝ ሞታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ!

መጀመሪያ በር ላይ የቆመውን ጫላን ነው ያዩት።

"አወድ ያውቅ ነበር?"

"ነግሬዋለሁ" አለ ጫላ መሬት መሬት እያየ። "'እናት ናት እኮ፣ ንገራት' ብሎ ተጣላኝ። ዘመድ በሌለበት መርዶ አይነገርም፣ አንተ ባለሱቅ ነህ እንጂ ዘመዷ ነህ ወይ ብዬ እንዳይናገር አስማልኩት።"

በቀጣዩ የጅቡቲ ጉዞ ጫላ የእማማን ይቅርታ ይዞ ሄደ። ሱቋ ተዘግታለች። አወድ አገሩ ገብቷል።

"'አገርህ ግባ' ብዬው ነበር፣ ልክ እንዳልኩት" አሉኝ እማማ።

እናንተስ? በሰው አገር፣ ጥግ ላይ ባለች ሱቅ፣ ሳታውቁት ዘመድ የሆናችሁ ሰው ነበር?