ጉንጯ የሞላ ጊዜ

እህቴ ዓይኗ ቢጫ የሆነ ጊዜ የበሽታዋን ምክንያት የማያውቅ ሰው በአገራችን አልነበረም። እናቴ፣ «የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ በላይዋ አልፋ ነው» አለች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጉበት የሚጎዳው አረቄ ነው ብሎ ፈረደ። እህቴ ጠላ እንኳ የምትቀምሰው ለጠበል ጻድቅ ነው። ይህን ብንነግረው፣ «እንግዲያው ተደብቃ ትጠጣለች» አለን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ የአድኃሪያን እጅ አለበት አሉ። በረዶ ገብሱን የመታው ጊዜም እንዲሁ ብለው ነበር።

ምክንያቱን ያላወቁት አዲስ አበባ ያገኘናቸው ሐኪም ብቻ ናቸው።

ቀስ ብለው አስረዱን። ሰውነት ዘበኛ አለው፤ ከውጭ ጠላት ሲገባ ይዋጋል። የእህቴ ዘበኛ ግን የገዛ ጉበቷን ጠላት ነው ብሎ ይወጋል።

«ለምን?» አልኳቸው።

«አናውቅም።»

ያን ሁሉ መንገድ ሄደን! እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አላውቅም የሚል አዋቂ ደግሞ ዛሬ አየሁ» አለችኝ።

የሰጧት ኪኒን ዘበኞቹን ሁሉ፣ ጥፋተኛውንም ንጹሑንም፣ አንድ ላይ የሚያስር ነው። «ወደፊት ጥፋተኛውን ብቻ ለይቶ የሚይዝ መድኃኒት ይወጣ ይሆናል» አሏት። «እስከዚያ ይህን እኔ ሳልነግርሽ እንዳታቋርጪ።»

ስንመለስ ሊቀመንበሩ ሊጠይቋት መጡ። ሐኪሙ እንዳሉት አድርጌ ነገርኳቸው። ከሰው ሁሉ ቶሎ የገባቸው እሳቸው ናቸው።

«የውስጥ ጠላት ከውጩ ይብሳል። ሁሉንም ማሰር ነው!»

አጎቴ ምድጃው ዳር ተቀምጦ ነበር። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ያ ጥፋተኛውን የሚለየው መድኃኒት ሲወጣ፣ ለማኅበራችንም ትንሽ ያስመጡልን» አለ።

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እህቴ ብቻ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ኪኒኑ ሠራ። ዓይኗ ነጣ። ከዚያ... እንዴት እንደምለው አላውቅም... ፊቷ ማበጥ ጀመረ። መድኃኒቱ የሚያመጣው ጉዳት መሆኑን ሐኪሙ ነግረውናል። ጉንጯ ግን እንደ ሙልሙል ዳቦ ሞላ። ውርጭ የሰውን ፊት ባከሳው አገር እንዲህ ያለ ጉንጭ ከየት ይገኛል? ገበያ ስትወጣ ሴቶቹ ቆመው ያዩዋታል። «እንዴት አምሮባታል!» ጉዳት ነው ብል ማን ይሰማኛል።

«ጉዳቱ እንዲህ ከሆነ እኛንም ይጉዳን» አለችኝ ጎረቤታችን።

ሽማግሌ ተላከ። ቀየት ከሚባለው አገር፣ ከደህና ቤት። እናቴ ደስታውም ጭንቀቱም አንድ ላይ መጣባት። በየማለዳው ኪኒን የምትውጥ ሙሽራ ማን ይወስዳል? የአማቾቹ ወገን ቢያይስ? «ድና የለ እንዴ! እስከ ሠርጉ ብቻ ትተወው» ብላ የኪኒኑን ብልቃጥ ገብስ ጎታው ውስጥ ቀበረችው። እኔ ከተማ ትምህርት ቤት ነበርኩ። እህቴም እሺ አለች። ማግባት ፈልጋ ነበር። ሌላ ምን እላለሁ።

ለሠርጉ ዳስ ከጓሳ ሜዳ የታጨደው ሣር ገና ሳይደርቅ ዓይኗ ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ብልቃጡ ከጎታው ወጣ። አልደረሰላትም። የሠርጉ ዳስ የለቅሶ ዳስ ሆነ።

ለቀስተኛው፣ «ያን የመሰለ ጉንጭ! ዓይን በልቷት ነው እንጂ» አለ። ሊቀመንበሩም ራሳቸውን ነቀነቁ። የውጭ ጠላት እንደገና ተገኘ።

እናቴ ግን ዓይን አላለችም። ወፍም አላለችም። ከከተማ በተመለስኩ ቁጥር ገና ከደጅ ታስቆመኛለች።

«ያ ለይቶ የሚይዘው ወጣ?»

«ገና ነው፣ እማዬ።»

«ይውጣ ብቻ። ለሌላዋ እናት ይድረስላት» ትለኛለች። ከዚያ ገብስ ልትሰፍር ወደ ጓዳ ትገባለች፤ እዚያው ጎታው ዘንድ ትቆያለች።