በኦቦ ቱፋ ማሳ ላይ ያረፈችው ነጥብ

«ይቺን ነጥብ ከካርታው ላይ አጥፊልኝ፤ ነጋዴዎቹ አይተዋታል» አሉ ኦቦ ቱፋ፣ ስልኩን ወደ ገለቴ እየገፉ።

ገለቴ ሰበታ ውስጥ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ከተማሪዎቿ ጋር የወንዙን ውሃ መርምራ፣ ያገኘችውን፣ ከላይ ካለው የቆዳ ፋብሪካ የሚወጣውን የክሮሚየም መርዝ መጠን ከነቦታው ማንም ሊያየው በሚችል ድረ ገጽ ላይ ጭናለች። ቀይዋ ነጥብ ያረፈችው በሽማግሌው የጎመን ማሳ ላይ ነው።

«ፋብሪካው በር ላይ ለምን አልቀዳሽም?»

«ዘበኛው ከለከለኝ።»

«እኔ አስገባሁሽ። እርጎም አጠጣሁሽ። ይኸው ነው ምላሹ?»

ገለቴ ስታስተምር ውላ ድምጿ ተዘግቷል። ነጥቧን ብታጠፋት ካርታው ላይ ወንዙ ንጹሕ ይመስላል።

«ውሃው እኮ ያው ነው፣ ኦቦ። እርስዎም ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ጎመኔን ግን ማን ይገዛኛል?»

ገለቴ ስልኩን መለሰችላቸው። ነጥቧን አላጠፋቻትም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ጎመን የሚጭኑት ያው ወንዝ ቁልቁል ከሚያልፍባት፣ ነጥብ ግን ካላረፈባት ከተፍኪ ነው።