ቀን ቀን የሚተኛው ሰው

ሰፈሩ «እርሾ» ይለው ነበር። ስሙን ያወጡለት ዳቦ ቤት አብረውት የሚሠሩት ናቸው፤ እሱ የገባበት ቤት በሳቅ ኩፍ ይላል ብለው። ጉልምስናውን በሙሉ ከምድጃ ፊት ቆሞ፣ እጀታው በረዘመ የእንጨት አካፋ ዳቦ ሲያስገባና ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። ማታ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ እሱ ይወጣል፤ ጠዋት ሰው ሲወጣ እሱ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ፣ ትኩስ ዳቦ በብብቱ ሸጉጦ ይገባል።

«ከእኩዮቼ ሁሉ ቀድሜ ሸበትኩልሽ» ይላታል ሚስቱን፣ በሩን ስትከፍትለት። ከዚያ የሴት ልጁንና የወንድ ልጁን ጫማ ያስርና፣ አፍንጫቸው ላይ ዱቄት ለቅልቆ ወደ ትምህርት ቤት ይሸኛቸዋል። ሳቃቸው ከደጅ ሳይርቅ እሱ ጋደም ብሏል።

ቤቱ አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ነው። እሱ ሲተኛ ቤቱ ትንፋሹን ይውጣል። ሚስቱ የድስት ክዳን የምታነሳው በጨርቅ ይዛ ነው፤ ጎረቤት ሲመጣ ደጅ ወጥታ ታነጋግራለች፤ ልጆቹ ገና ፊደል ሳይለዩ በጥቅሻ ማውራት ለምደዋል። ከሰዓት በኋላ ሲነሳ ትንሽ ይጫወታል፣ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል፣ ልጆቹን ተራ በተራ ጀርባው ላይ ያዝላል። ራቱን ጎረስ ጎረስ አድርጎ ደግሞ ይወጣል።

«አልጋችን እኮ በሁለት ፈረቃ ነው የሚሠራው» ይላል። እሱ ሲወጣ እሷ ትተኛለች፤ እሷ ስትነሳ እሱ ይመጣል።

አንድ ጊዜ ሆድ ብሷት፣ «የቀን ሥራ ብትፈልግ ምናለበት?» አለችው።

«እኔ ቀን ከሠራሁ ቀን ማን ይተኛልሻል?» አላት።

ሳቀች። ነገሩም በሳቅ ታልፎ ቀረ።

ልጆቹ አደጉ። ሴቷ አግብታ ሩቅ ከተማ ገባች፤ ወንዱ የጭነት መኪና እየነዳ ኑሮው መንገድ ላይ ሆነ። የአባታቸውን ደረት የዱቄት ብናኝ ጎድቶት ኖሮ፣ ማሳሉ ሲብስበት ሥራውን ተወ። አሁን እንኳ እንደ ሰው አብረን እናመሻለን ብላ ነበር ሚስቱ። ሰውነቱ ግን እንቢ አለ፤ ሌሊቱን ዓይኑ ፈጦ ያነጋና፣ ጎህ ሲቀድ እንቅልፍ ይጥለዋል።

በዚሁ ዓመት፣ አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ ተኛ። እሷ እንደ ልማዷ በእግር ጣቷ እየተራመደች ምሳ ሠራች፣ ልብስ አጠበች፣ ሊጠይቃት የመጣ ዘመድ እንኳ «ተኝቷል» ብላ ከደጅ መለሰች። የሚነሳበት ሰዓት ሲያልፍ፣ ዛሬስ እንቅልፍ ጣመው ብላ ተወችው። ሊመሽ ሲል ትከሻውን ነካ ብታደርገው ቀዝቅዟል። ውሎዋን ሙሉ፣ እንዳይነቃ ስትጠነቀቅለት የዋለችው የሞተ ሰው ነበር።

ከቀብር መልስ የዳቦ ቤት ጓደኞቹ መጡ። መጀመሪያ አቀርቅረው ተቀመጡ፤ ኋላ ሊጥ አቡኪው፣ ከጎኑ ቆሞ ብዙ ዘመን የሠራው፣ ጨዋታ ጀመረ። እርሾ አንድ ቀን የዳቦ ቤቱን ባለቤት የመሰለ ዳቦ፣ ከነትልቅ አፍንጫው ጋግሮ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው አሉ። ባለቤቱ መጥቶ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ቢል፣ «ጌታዬ፣ ሌላው ሁሉ ተሽጦ አለቀ፤ እሱን ግን የሚገዛ ጠፋ» አለው። ለቀስተኛው አፉን በእጁ ከድኖ ሳቀ። ልጆቹም ሳቁ።

«እዚያ ላይ ዘፈኑ» አለ ሊጥ አቡኪው። «እሱ ካልዘፈነ ሊጡ አይነሳም እንል ነበር።»

ሚስትየው ቀና አለች። «ይዘፍን ነበር እንዴ?»

«ምነው እትዬ፣ ቤት አይዘፍንም ነበር?»

ሰው ሁሉ ስለ ባሏ ሲያወራ ደስ እያላት፣ ውስጧን ግን አንዳች ነገር ቆነጠጣት። የማታውን ሰው እነሱ ነበራቸው። እሷ የደረሳት የደከመው፣ የተኛው ነው።

ልጆቹ ወደየኑሯቸው ከተመለሱ በኋላ ሊጥ አቡኪውን አስጠራችው። ሻይ አቀረበችለትና፣ «ያንን ዘፈን እስቲ በልልኝ» አለችው።

«እኔ ድምፅ የለኝም፣ እትዬ። የሱን አይመስልም።»

«ግድ የለህም፣ በለው።»

ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። ስለ አንዲት የወንዝ ማዶ ልጅ የሚያወራ ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግጥሙ ጠፋበት፤ በ«እህም» ሞላው፤ ትንሽ ሄዶ ጭራሽ ቆመ። «እሱ እኮ ነው የሚያስታውሰው፤ እኛ ተቀባዮች ነን» አለና ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ሻዩን ሳይጨርስ ተሰናብቷት ሄደ።

እሷ ብርጭቆውን ገና ሳታነሳ ስልኩ ጮኸ፤ ሴት ልጇ ናት።

«እማ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ተቀምጫለሁ። አባትሽ ዘፋኝ ነበር አሉ።»

«አባዬ? መቼ?»

«ማታ ማታ።»

«ብቻሽን ከምትሆኚ ለምን እኛ ጋ አትመጪም?»

«እስቲ አያለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ የዘፈኑን መጀመሪያ ቀስ ብላ ሞከረችው። ከመጀመሪያው ስንኝ ወዲያ አልሄደላትም። ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ እስኪመሽ ብዙ ቀርቷል።