በእናቴ እግር

ሐኪሙ በእግር ሂጂ ስላለኝ፣ ማለዳ ማለዳ ከጎረቤቶቼ ጋር ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብለን እንራመዳለን። ዛሬ ጤዛ ያራሰው የጤፍ ማሳ ሲሸተኝ፣ በጃንሆይ ዘመን ወደማውቃት ማንኩሳ፣ ወደ ልጅነቴ ተመለስኩ።

እናቴን ወባ ይዟት ክረምቱን ሙሉ ከመደብ አልወረደችም ነበር። በጥቅምት፣ በገበያ ቀን፣ መንደርተኛው ከነአህያው ደጃችን ቆሞ ጠራት። ነጠላዋን ለብሳ፣ እጄን ይዛ ወጣች። ከኋላ ልትከተል ስትል የመንደሩ ሽማግሌ አያ ደምለው ከለከሏት።

«ከፊት ሁኚ። ዛሬ የምንሄደው በአንቺ እግር ነው።»

«ኧረ አያ፣ ገበያው ያመልጣችኋል!»

«ያምልጠና!»

እሷ ቆም ስትል ያ ሁሉ ሰው ይቆማል። ቶሎ በይ ያላት የለም፤ ስለ ጤፉ፣ ስለ ሰማዩ ያወራሉ። ዳገቱ ላይ ዞር ብዬ ሳይ፣ መንገዱ እስከ ታች ድረስ ጋቢ በጋቢ ሆኖ በእናቴ ትንፋሽ ልክ ይንቀሳቀሳል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ዛሬ ዳገቱ ላይ ጉልበቴ ያዘኝና ቆምኩ። እናንተ ሂዱ ልላቸው ዞር ስል፣ ጎረቤቶቼ ሁሉ ቆመው ስለ ሰማዩ ያወራሉ።