ባለመስመሮቹ ዓሦች

በደርግ ጊዜ ነው። ሥራዬ የአንጎል በሽታ ምርምር ነበር። የማጠናውም እንደ ሜዳ አህያ መስመር ባላቸው፣ ከትንሽ ጣት በማይበልጡ ዓሦች ነው። ታዲያ የላቦራቶሪው ውሃ ሲቋረጥብኝ ጊዜ በመስታወት ገንዳ አድርጌ ልደታ ወዳለው ቤቴ ወሰድኳቸው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ለፍተሻ መጣ። ያን ጊዜ በፍተሻ የተወሰደ ሰው ላይመለስ ይችላል። አልጋ ሥር መሣሪያ ፈልገው ሲያጡ ዓሦቹ ጋ ደረሱ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ዓሣ መሆኑንማ አየሁ! ምን ያደርግልሃል?»

«የሚጥል በሽታን አጠናበታለሁ። አንጎላቸው ከሰው አንጎል ጋር ይመሳሰላል።»

«ከየትኛው ሰው?»

አንደኛው ጠባቂ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ከእኔ!» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ከእኔ አንጎል ጋር ነው የሚመሳሰለው።»

ሊቀመንበሩ ገንዳውን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና ጠባቂዎቹን «ውጡ!» አላቸው። እኔን ደግሞ በሩን እንድዘጋ አዘዘኝ። አለቀልኝ ብዬ ሄጄ ዘጋሁት። ዞር ስል እጅጌው እስከ ክርኑ ርሷል፤ አፉን በመዳፉ ይጠርጋል።

«ዶክተር፣ እባክዎ ሰው እንዳይሰማ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚጥለኝ እኔን ነው። አንዱን አሁን ውጬዋለሁ። በቀን ስንት ስንት ልዋጥ?»