የዝንጅብል መጋዘኑ ፍተሻ

ሶዶ ውስጥ ስምንት ዓመት ሥነ ዜጋ ካስተማርኩ በኋላ ወደ ዞን መሥሪያ ቤት ተዛወርኩ። ቢፒአር የሚባለው የመሥሪያ ቤቶች የአሠራር ለውጥ በየቢሮው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍበት ዘመን ነበር። አዲሱ ሥራዬ መናገር ነው። በየመሥሪያ ቤቱና በየድርጅቱ እየዞርኩ ስለ ሥነ ምግባር፣ ሰው በሥራ ቦታው ስለሚገባው ክብር እናገራለሁ። የማስተምርበትን ትልልቅ ወረቀት፣ ፍሊፕ ቻርቴን፣ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ቢጠና ከተማም ዲምቱ ከተማም ሄጃለሁ። ሰዎቹ ያዳምጣሉ፣ አንዳንዶቹ ያንቀላፋሉ፣ መጨረሻ ላይ ያጨበጭባሉ፤ ሻይ ጠጥተን እንለያያለን። እኔ ከወጣሁ በኋላ እዚያ ቤት ምን እንደሚሆን ግን ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ቀን ከሻንቶ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የዝንጅብል መጋዘን ተላክሁ። ባለቤቱ አባታቸው ከስልጤ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ሶዶ ውስጥ የጅምላ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ለአለቃዬ ደውለው፣ «ሠራተኞቼ ዝንጅብል እየደበቁ ይወጣሉ፤ ሥነ ምግባር የምታስተምር ሰው ላኩልኝ» አሏቸው። የተላክሁት እኔ ነኝ።

መጋዘኑ ውስጥ ስልሳ የሚሆኑ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው ዝንጅብል ይፍቃሉ። አቧራው ዓይን ይለበልባል። ተቆጣጣሪያቸው የሆነው ካቦ ሥራ አስቁሞ ወደ እኔ አዞራቸውና አንድ ሰዓት ሙሉ በአማርኛ ተናገርኩ። የእነሱም የእኔም የቤት ቋንቋ ወላይትኛ ነው፤ ስብሰባ ግን በአማርኛ ነው ብዬ ለምጄ ነበር። ካቦው ከኋላ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ጥያቄ ያለው?» አልኩ በመጨረሻ።

ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ጣቶቻቸው በዝንጅብል የተሰነጣጠቁ አንዲት ሴት ከተቀመጡበት ሳይነሱ በወላይትኛ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ስትወጪ አንቺንም ይፈትሹሻል?»

ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው አጎነበሱ። ካቦው፣ «ይሄ ከርዕሱ ውጪ ነው» አለ። እኔም ነገሩ ሳይገባኝ፣ «እኔ እንግዳ ነኝ» ብዬ ስብሰባውን ዘጋሁ። ያ መልሴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የገባኝ የመውጫ ሰዓት ሲደርስ ነው። ሴቶቹ በሩ ላይ ተሰለፉ። ካቦው አንድ በአንድ ሻሻቸውን ያስፈታል፣ ነጠላቸውን ያስገልጣል፣ እጁን በቀሚሳቸው አንገት አስገብቶ ይዳብሳል። ጭነት የሚጠብቁ ሾፌሮች እያዩ ይስቃሉ። አንዲት የምታጠባ ሴት ደረቷን በክንዷ ስትሸፍን ክንዷን በኃይል አወረደው።

ሄጄ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆምኩ።

«ቲቸር፣ እርስዎ ይለፉ እንጂ» አለ ካቦው።

«ተራዬን እየጠበቅሁ ነው።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ተራዬ ሲደርስ ቦርሳዬን ከፍቼ ያዝኩለት። «እነሱን እንደፈተሽካቸው ፈትሸኝ» አልኩት።

«ኧረ ቲቸር! እርስዎማ የተከበሩ ሰው ነዎት።»

«እነሱስ?»

ከመንገዴ ገለል አለ። ሾፌሮቹ መሳቃቸውን ትተው ወደ መኪናቸው ገቡ። እኔም ሚኒባስ ያዝኩ። ሶዶ እስክደርስ ትልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እኚያ የጠየቁኝ ሴት ቢሮዬ መጡ። ለጉዞው ነው መሰለኝ፣ የታጠበ ነጠላ ለብሰዋል። ወንበር ሰጥቻቸው ተቀመጡና ቁጣ በሌለበት ድምፅ ነገሩኝ።

«ጠየቅሁ፤ በማግስቱ አባረሩኝ። አንቺ ተሰለፍሽና ሄድሽ። አሁን ምን ታደርጊያለሽ?»

ወደ አለቃዬ ገብቼ የሆነውን ሁሉ አስረዳሁ። እሳቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚፈሩ ሰው ነበሩ።

«ሐጂ ልማታዊ ባለሀብት ናቸው» አሉኝ። «የተላክሽው ልታስተምሪ እንጂ ልትከሺ አይደለም። ሴትየዋ የቀን ሠራተኛ ናቸው፤ ውል የላቸውም። ተይው።»

እንደ ልማዴ «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ግን አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ይህን ከተውኩ ከእንግዲህ ሰው ፊት ቆሜ ክብር የሚለውን ቃል ማንሳት አልችልም።

በማግስቱ ቢሮ ከመግባቴ በፊት የሐጂ ሱቅ ሄድኩ። በስኳርና በሳሙና ካርቶን መካከል ካለች አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሐጂ በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ ጉዳዬን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«እህቴ፣ ሥነ ምግባር ይማሩልኝ አልኩ እንጂ ሰልፍ ላይ ቁሚልኝ አላልኩም።»

«አንድ ሰዓት ብቻ መጋዘኑ መጥተው ይቀመጡልኝ። የምናገረው እኔ አይደለሁም፤ የምትነጋገሩት እርስዎና ሠራተኞቹ ናችሁ።»

«ሥራ አለብኝ» አሉ።

«ነገ እመጣለሁ» አልኩ።

በማግስቱ መጣሁ። በሦስተኛው ቀንም መጣሁ። ሻይ ያስመጡልኛል፣ ደንበኛ ያስተናግዳሉ፣ እኔን እንዳላዩ ይሆናሉ። ሰዓቴ ሲደርስ ሻዩን አመስግኜ ወደ ቢሮ እሄዳለሁ። በአራተኛው ቀን ደንበኛ ሳይገባ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«እውነት ካቦው እጁን ያስገባል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ሴቶቹ ለምን አልነገሩኝም?»

«የጠየቋቸው ጊዜ አለ?»

«ነገ እንሄዳለን» አሉ።

የተባረሩትን ሴት ይዘን ሄድን። ፍሊፕ ቻርቱን ቢሮ ትቼው ነበር። በወላይትኛ ሁለት ነገር ብቻ ተናገርኩ፤ ዛሬ የማስተምረው ነገር እንደሌለና ሐጂ ሊሰሙ እንደመጡ። ሐጂ ጆንያ ላይ ተቀምጠው እንደ እኛው በጠራ ወላይትኛ፣ «በምትናገሩት የምትባረር አትኖርም» አሉ። ወዲያው ያመናቸው አልነበረም። የተባረሩት ሴት ጀመሩ። ከዚያ የምታጠባዋ ሴት፣ ባሏ ነገሩን ከሾፌሮች ሰምቶ ለብዙ ቀን እንዳላናገራት ተናገረች። ሌላዋ ተነስታ፣ «ዝንጅብል የወሰደች አለች፤ አልክድም። ግን ለእሷ ጥፋት ሁላችንን ያራቁቱናል?» አለች።

ካቦው አላስችል አለው። «ያዘዙኝን ነው የሠራሁት!»

«ፈትሽ አልኩህ፤ አዋርድ አልኩህ?» አሉ ሐጂ። ቀጥለውም፣ «እንዴት እንደምትፈትሽም አልጠየቅሁህ» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

በዚያው ሳምንት በሩ አጠገብ በሸራ የተከለለ ቦታ ተሠራ፤ ሴቶቹን የምትፈትሽ ሴት ተቀጠረች። የመጋዘኑ ወንዶችም ይፈተሻሉ፣ ካቦውም፣ ሐጂ ራሳቸውም። የፍተሻውን ሥራ መጀመሪያ የሰጡት ለተባረሩት ሴት ነበር። እሳቸው ግን፣ «ሰው ልፈትሽ አይደለም የመጣሁት፤ ቦታዬን ስጡኝ» ብለው ወደ ረድፋቸው ተመለሱ።

ሁሉ ነገር አልተስተካከለም። ውል እንዲጻፍላቸው ዓመት ሙሉ ተከራክሬ ያገኙት ግማሾቹ ብቻ ናቸው። አቧራው ደግሞ እንዳለ ቀረ። ካቦው ዝንጅብል ወደሚመዘንበት ክፍል ተዛወረ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ሥራውን ለቀቀ። የምናመልከው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነውና በየእሑዱ እንገናኝ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታዬን አልመለሰልኝም። አለቃዬ፣ ከተሰጠኝ ኃላፊነት ውጪ መሥራቴን የሚገልጽ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉልኝ። መቀበሌን ፈርሜ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ለንግግር ስጠራ አንድ ቀን ቀድሜ እሄድ ጀመር። ጽዳት ከሚሠሩት፣ ከዘበኞቹ፣ ከዕቃ አጣቢዎቹ ጋር በቋንቋቸው እቀመጣለሁ። ይህን ያልወደዱ ድርጅቶች ሁለተኛ አልጠሩኝም፤ ቅር አላለኝም። አንድ ጊዜ የሶዶ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ከአዳራሹ በር ላይ አግኝቶኝ ደነገጠ።

«ንግግሩ እኮ ነገ ነው! ዛሬ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ነገ ምን እንደምናገር ሠራተኞቹን ልጠይቅ ነው» አልኩትና ወደ ማድ ቤቱ አለፍኩ።