የስኮትላንዱ ስልቻ

ያን ሰሞን የምንኖረው ስዊድን ውስጥ፣ ሜርስታ በምትባል ከተማ ነበር፤ እኔ፣ ባለቤቴና ገና በእግሯ መሄድ የጀመረች ልጃችን። የምሠራውም እዚያው አቅራቢያ፣ ኤርፖርት ውስጥ፣ ተሳፋሪ በማይገባበት የሻንጣ ክፍል ነው። ከአውሮፕላን የወረደውን ሻንጣ ከጋሪ እያነሳን ተንቀሳቃሹ መስመር ላይ እናደርጋለን፤ መስመሩ በግድግዳው ቀዳዳ አሾልኮ ባለቤቶቹ ወደሚጠብቁበት አዳራሽ ያደርሰዋል። አብሮኝ የሚሠራው ሃምሳውን ያለፈ ፊንላንዳዊ ነበር። ሥራ ላይ ጎበዝ ነው፤ ወሬ ግን አይወድም።

በረዶው መቅለጥ በጀመረበት አንድ ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከእንግሊዝ አገር የመጣ ሻንጣ ስናወርድ አንድ ረዘም ያለ ጥቁር ሳጥን ከመስመሩ ጠርዝ ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። መቆለፊያው ተፈናጥሮ ክዳኑ ተከፈተ። ፊንላንዳዊው ሊያነሳው ጎንበስ አለና እሳት እንደነካው ሰው ወደ ኋላ ተስፈነጠረ።

«እንዳትነካው!» ብሎ ጮኸ፤ ሮጦም ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ መታው። መስመሩ ቀጥ አለ። ያ ሁሉ ጫጫታ በአንድ ጊዜ ሲጠፋ ጆሮዬ ጭው አለብኝ።

ከቆምኩበት አንገቴን አስግጌ አየሁ። ክር የተጠመጠመባቸው ጥቁር የእንጨት ቧንቧዎች፣ ጨርቅ የለበሰ ከረጢት፣ በመሃላቸውም ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት። ፊንላንዳዊው ፈንጂ ነው ያየው። እኔን ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ያን ዕቃ አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ነገሩ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ስዊድን በገባሁበት በመጀመሪያው መኸር፣ ከቋንቋ ትምህርት ስመለስ፣ ጋምላ ስታን በሚባለው የዋና ከተማው አሮጌ ሰፈር ውስጥ አንድ ቅስት ሥር ቀሚስ የለበሰ ወንድ ቆሞ ብብቱ ሥር የያዘውን ስልቻ ይነፋ ነበር። ከታች እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ድምፅ አለ፤ ከላዩ ዜማው ይሮጣል። ሰውየው አየር ሲስብ እንኳ ዜማው አይቆምም፤ ስልቻው ያጠራቀመውን ይሰጠዋል። ብርዱን ረስቼ ጨርሶ እስኪሄድ ድረስ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ከቤተ መጻሕፍት ሲዲ መዋስ ጀመርኩ። ቀጥሎም ስፖንጋ በሚባል ሰፈር ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ የስኮትላንድ ጭፈራ የሚለማመዱ ስዊድኖች እንዳሉ ሰማሁና ሄድኩ። ስምንት ሆነው በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፤ ይገናኛሉ፣ ይሻገራሉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዞራሉ። ወንዶቹ የሚለብሱት ኪልት የሚባል ቀሚስ ከኋላው ሽንሽን ነው፤ ሲዞሩ ይከፈታል፣ ሲቆሙ መልሶ ይገጥማል። ሴቶቹ በነጭ ቀሚስ ላይ ባለ መስመር ሱፍ ከትከሻ ወደ ወገብ ጣል ያደርጋሉ። እኔ ኪልት አልነበረኝም፤ በሥራ ሱሪዬ እጨፍር ነበር።

የአገሬ ልጆች «ቀሚስ ለባሾቹ ደኅና ናቸው?» እያሉ ይስቁብኛል። ባለቤቴ ደግሞ ሲዲውን በከፈትኩ ቁጥር «ያ ስልቻ ዛሬም ሊጮህብን ነው?» ትላለች። ግድ አልነበረኝም። እንዲያውም በዚያው ዓርብ ማታ ከስኮትላንድ የመጣ ቡድን ከተማ ውስጥ ሊጫወት ነበር፤ ትኬቱን ከገዛሁ ወር አልፎታል።

አለቃችን እየሮጠ መጣ። ሳጥኑን ከሩቅ አየና «ሁሉም ሰው ይውጣ!» አለ። ኮሪደሩ ላይ ተሰበሰብን። ለፖሊስ ተደወለ። አንዱ ጥበቃ፣ ባለሙያዎቹ ሲመጡ እንዲህ ያለውን ዕቃ በኃይለኛ ውኃ መትተው እንደሚበታትኑት ለሰዉ ያስረዳል። ያ እንጨት ምናልባት ከባለቤቱ አያት የወረደ ነው።

«የሙዚቃ መሣሪያ ነው» አልኩ።

አለቃችን ዞረ። «ምን አልክ?»

«ሴክፒፓ ነው» አልኩ፣ ስልቻውን በስዊድንኛ ስሙ ጠርቼ። «የስኮትላንድ። በውኃ እንዳይመቱት ንገራቸው።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

አጠያየቁ አልጣመኝም። አሥር ሰው ቆሟል፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጊዜው በየአገሩ ባቡርና አውቶቡስ የሚፈነዳበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጥቁሩ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አውቃለሁ ያልኩትም እኔ ብቻ ነኝ። ፊንላንዳዊው እንኳ እግሩን ነቅሎ ትንሽ ራቅ አለኝ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ከፊቴ አንዲት ፖሊስ፣ ከጎኗ የሚጽፍ ወጣት ፖሊስ። አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን የመግቢያ ካርድ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥ አዘዘችኝ።

«ሳጥኑን ከዚህ በፊት አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«ውስጡ ያለውን ግን አውቃለሁ ብለሃል።»

ወረቀት ለምኜ ሣልኩላት። ስልቻውን፣ የሚነፋበትን፣ በጣት የሚጫወቱበትን ባለ ቀዳዳ እንጨት፣ ትከሻ ላይ የሚጋደሙትን ሦስት ቧንቧዎች። «ክሩ አየር እንዳያሾልክ ነው» አልኳት።

«ቀዩ መብራትስ?»

«የመሣሪያውን ድምፅ መቃኛ ይመስለኛል። ሲወድቅ ተነክቶ በርቶ ይሆናል።»

«ይመስልሃል?»

«ከሩቅ ነው ያየሁት።»

«ዛሬ ከሥራ በኋላ ምን ልታደርግ ነበር?» አለችኝ።

ትኬቱ የልብስ ሳጥኔ ውስጥ ነው፤ ብዋሽ ያገኙታል። እውነቱን ነገርኳት። ሁለቱ ተያዩ።

«ይህ ሳጥን እንደሚመጣ ታውቅ ነበር ማለት ነው?»

«ቡድኑ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በየትኛው አውሮፕላን እንደሚመጣ በምን አውቃለሁ?»

ወጣቱ ይህንንም ጻፈ። እሷ የልብስ ሳጥኔን ቁልፍ ተቀብላ ትኬቱን ልታመጣ ወጣች። ስልኬ ጠራ፤ ወጣቱ አንሳ አለኝ። ባለቤቴ ነበረች፣ ለምን እንደዘገየሁ ልትጠይቅ። ባጭሩ ነገርኳት።

«ዝም ማለት አቃተህ?» አለችኝ።

«ሊበታትኑት ነበር እኮ!»

«ይበታትኑታ! ሥራህ ሲበታተንስ? በሰው ስልቻ ምን ጥልቅ አደረገህ?»

ልጃችን ከኋላዋ ታለቅሳለች። ስልኩን ዘጋችው።

ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ከግድግዳው ወዲያ በሮች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ሰው ይሮጣል። ከዚያ አንድ ሲጥጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ተከትሎ ማጉረምረም፣ ተከትሎ ዜማ። ባለቤቱን ከአዳራሹ አምጥተው፣ የእሱ መሆኑን እንዲያሳይ እያስነፉት መሆኑ ገባኝ። ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«ተቀመጥ» አለኝ ወጣቱ።

ተቀመጥኩ። ነገር ግን ጆሮዬ አንድ ነገር ጎደለበት።

«ወፍራሙ ድምፅ የለም» አልኩ። «ትልቁ ቧንቧ ሲወድቅ ተጎድቷል።»

ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሰምታኛለች። ተመልሳ ወጣች። ስትመጣ ፊቷ ላላ ብሏል። «ሰውየው ትልቁ ተሰንጥቋል ይላል» አለችና ትኬቱን መለሰችልኝ። «መሄድ ትችላለህ። ካርድህ ግን ማጣራቱ እስኪያልቅ እኛ ዘንድ ይቆያል።»

ወደ ቤት ልሂድ ወይስ ወደ ከተማ? ጣቢያው ላይ ሁለቱንም እያሰብኩ ቆምኩ። ቤት ብገባ ከባለቤቴ ጋር ስንጨቃጨቅ ማምሸታችን ነው። የከተማው ባቡር ሲመጣ ገባሁ።

ስደርስ ዝግጅቱ ከተጀመረ ቆይቷል። የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ከኋላ ረድፍ ተቀመጥኩ። ነፊው ቀይ ጢም ያለው ትልቅ ሰው ነው፤ ወፍራሙ ቧንቧ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተጠምጥሞበታል፤ ያጉረመርማል። ሌላ ቀን ቢሆን በደስታ እሰክር ነበር። ያን ዕለት ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር እዞራለሁ። ዳንሰኞቹ ወጥተው በጣታቸው ጫፍ ሲዘሉ፣ ሽንሽኑ ሲገለጥ፣ ሴቶቹ ሲሻገሩ፣ እኔ የማስበው ሰኞ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ ነበር።

በመጨረሻ ወንበሩን ወደ ዳር ገፍተው ሰዉን ለጭፈራ ጠሩ። አልተነሣሁም። አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ስዊድናዊት መጥተው «ሰው ጎደለን፤ ያለ ስምንት አይሆንም» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። እንቢ ማለት ነውር ሆነብኝና ተነሣሁ። መጀመሪያ ግራና ቀኝ ጠፋኝ፤ ሁለት ጊዜ ከሰው ጋር ተጋጨሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ እግሬ መንገዱን አገኘ። ለጥቂት ደቂቃ ካርዱንም፣ ክፍሉንም፣ የባለቤቴን ድምፅም ረሳሁ። ከጨፈርን በኋላ ሰዉ ነፊውን ከቦ ፊርማ ያስፈርም ነበር። ሄጄ የደረሰብኝን ልንገረው አልንገረው አልኩና ተውኩት። እሱ ዘንድ የዚያ የሳጥን ጣጣ ሰው ሆኜ መታወቅ አልፈለግሁም።

ካርዴ የተመለሰው በሚቀጥለው ረቡዕ ነው። አለቃችን እያቀበለኝ «ምንም አልተገኘብህም» አለኝ።

«መጀመሪያውኑ ምን ነበርና?» አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። ፊንላንዳዊው በምሳ ሰዓት ፊት ለፊቴ ተቀመጠና፣ ብዙ ካኘከ በኋላ፣ «ፈርቼ ነው» አለ። ለእሱ ይህ ትልቅ ንግግር ነው። ቡናዬን ሊሞላልኝ ተነሣ።

ባለቤቴ ለሳምንት ያህል አኮረፈችኝ። ተናድዳ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ያን ዕለት ስልኩን ከዘጋች በኋላ ልጃችንን ታቅፋ መስኮቱ ላይ ቆማ እንዳመሸች ነገረችኝ። እኔም ወደ ስፖንጋ አልተመለስኩም። ድምፁን ስሰማ ያ መስኮት የሌለው ክፍል ይመጣብኝ ስለነበር ሲዲውን መክፈት እንኳ አቁሜ ነበር። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ባለቤቴ ራሷ «ዛሬ አትሄድም እንዴ? ቤት ውስጥ ስትዞር አደከምከኝ» አለችኝ። ጫማዬን አደረግሁና ሄድኩ።